ቅጠል የሌለው ዕድሜ፦ በደብር ደን ውስጥ የኦርኪድ ዘር ቀብሮ የመከታተል ማስታወሻ

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ሳምንት

ከጎንደር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ደብር ደን ውስጥ በክረምቱ ምልክት ያደረግሁባቸው 14 ኦርኪዶች አበባቸውን ጨርሰዋል፤ የዘር ከረጢታቸውም ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ መለወጥ ጀምሯል። ኦርኪዶቹ ሃቤናሪያ ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ከአበባው ጀርባ የሚንጠለጠለው ቀጭን የማር ቱቦና ለሁለት የተሰነጠቁት የአበባ ቅጠሎች ወገኑን ያስታውቃሉ። የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅጄ ከሁለት የተለያዩ ተክሎች አንዳንድ የዘር ከረጢት ብቻ ቆርጬ ወሰድሁ። አንድ ከረጢት በሺዎች የሚቆጠር ዘር ስለሚይዝ ከዚህ በላይ መውሰድ አያስፈልግም፤ ተገቢም አይደለም።

ጊዜውን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከረጢቱ ገና አረንጓዴ ሳለ ከተቆረጠ ዘሩ አልበሰለም፤ ሁለት ቀን ከዘገዩ ደግሞ ይሰነጠቅና ነፋስ ይወስደዋል። ከመረጥኋቸው ተክሎች አንዱ በዚህ ምክንያት አመለጠኝ። የተቆረጡትን በወረቀት ፖስታ አድርጌ፣ ፖስታውን በምጣድ ላይ ተሞቆ የደረቀ ሩዝ በተሞላ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከድኜ አስቀመጥሁ። ሩዙ እርጥበቱን ይስባል።

ዘሩ በዓይን ሲታይ ዱቄት ነው፤ ጤፍ ከአጠገቡ ቢቀመጥ ድንጋይ ይመስላል። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ስለካው ርዝመቱ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። መረብ በሚመስል ቀጭን ሽፋን መካከል አንዲት ትንሽ ድብልብል ፅንስ ትታያለች፤ ሌላ ምንም የለም። ስንዴም ጤፍም ባቄላም እስኪበቅሉ የሚመገቡትን ስንቅ ይዘው ይዘራሉ። ኦርኪድ ያለ ስንቅ ነው የሚወጣው። 200 ዘር ቆጥሬ ፅንስ ያላቸው 131 ሆነው አገኘኋቸው፤ የቀሩት ባዶ ሽፋን ናቸው።

የሥራው ዓላማ እዚህ ላይ ይጻፍ። ያነሣሣኝ በሌላ አገር ደን ስለሚበቅል ኦርኪድ ያነበብሁት ነው። ጋስትሮዲያ የሚባለው ወገን በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ደኖች ውስጥ ከወደቀ ቅጠል መካከል ቡናማ ግንዱን ብቻ ያወጣል፤ ቅጠል የለውም፤ ክሎሮፊልም የለውም፤ ከመሬት በታች ድንች የመሰለ ሥር አለው። በብዙ መጽሐፍ «ከበሰበሰ ነገር የሚኖር ተክል» ተብሎ ተጽፏል፤ አባባሉ ግን አንድ ነገር ይሸፍናል። ተክሉ ራሱ ቅጠል ማበስበስ አይችልም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ኦርኪዱ የሚበላው ከፈንገሱ ነው። በአውሮፓ ደን ያለው ቅጠል አልባው ኔዖቲያ ደግሞ የሚመገብበት ፈንገስ በሕይወት ካሉ ዛፎች ሥር ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ምግቡ በመጨረሻ የሚመጣው ከቆመ ዛፍ ነው።

እኔ በምሠራበት ደን እንዲህ ያለ ኦርኪድ አላየሁም። ነገር ግን ኦርኪድ ሁሉ ያለ ስንቅ ስለሚዘራ፣ አድጎ አረንጓዴ ቅጠል የሚያወጣውም ቢሆን ከመሬት በታች ያለ ቅጠል በፈንገስ እየተመገበ የሚኖርበት ዕድሜ አለው። ጋስትሮዲያ ከዚያ ዕድሜ ሳይወጣ የሚያረጅ ኦርኪድ ነው ማለት ይቻላል። እኔ ማየት የፈለግሁት የእኛው ሃቤናሪያ በዚህ ዕድሜ ላይ ሳለ የት፣ በምን ዓይነት አፈርና ብስባሽ ውስጥ እንደሚገኝ ነው። ከዱቄት የደቀቀን ዘር ከአፈር መካከል ፈልጎ ማግኘት ስለማይቻል፣ በወንፊት ከረጢት አድርጎ መቅበርና ቆይቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር (ወደፊት የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ራስሙሰንና ዊገም በተባሉ ተመራማሪዎች የታተመ ነው፤ እነርሱ የናይለን ወንፊትን በፎቶ ስላይድ ፍሬም ውስጥ አጥፈው ተጠቅመዋል።

ኅዳር፦ የወንፊቱ ነገር

ከሥራው ሁሉ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ይህ ነው። የሚያስፈልገው ጨርቅ ቀዳዳው ከዘሩ ወርድ ያነሰ፣ የፈንገስ ክር ግን በነፃነት የሚያልፍበት መሆን አለበት። የፈንገስ ክር ውፍረቱ ከ0.01 ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ የእርሱ መግባት አያሳስብም፤ የሚያሳስበው የዘሩ መውጣት ነው። በላቦራቶሪ ዕቃ የሚሸጠው ወንፊት እዚህ አይገኝም። ነጠላም ሻሽም ሞከርሁ፤ ቀዳዳቸው ወጥ አይደለም፤ ጥጥ በመሆናቸውም ከዘሩ በፊት እነርሱ ይበሰብሳሉ።

መልሱን ያገኘሁት ፒያሳ አካባቢ ካለ የቲሸርት ማተሚያ ቤት ነው። ለስክሪን ኅትመት በእንጨት ፍሬም ላይ የሚወጠረው የፖሊስተር ጨርቅ በቁጥር ይሸጣል፤ ቁጥሩ በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያሉት ክሮች ብዛት ነው። ባለቤቱ በብዛት የሚጠቀምበትን ባለ 43 ቁጥር ቁርጥራጭ በነፃ ሰጠኝ። ደስ ብሎኝ 12 ከረጢት ከሠራሁ በኋላ አንዱን በነጭ ወረቀት ላይ ባራግፈው ዘሩ እንደ አቧራ ወረደ። የባለ 43 ቀዳዳ 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ዘሩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ያልፋል። አስቀድሜ ማስላት ነበረብኝ። ባለ 77 ቁጥሩ ወደ 0.08 ሚሊ ሜትር ዝቅ ስለሚል ይሆን ነበር፤ እኔ ግን ፅንሱ ከሽፋኑ ቢወጣም እንዳያመልጥ ብዬ ቀዳዳው 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ባለ 120 ቁጥር መረጥሁ። አንድ ሜትር በ650 ብር ገዛሁ፤ 60 ከረጢት ሠርቼበት ተርፏል።

ቀጥሎ የመጣው የማሸጉ ችግር ነበር። ሽሮና በርበሬ አሽጎ የሚሸጥ ጎረቤቴ የላስቲክ ማሸጊያውን አዋሰኝ። ጠርዙ የተጣበቀ መሰለኝና 20 ከረጢት አሸግሁ፤ በውሃ ነክሬ ሳሳድራቸው ግን ሁሉም ተከፈቱ። ማሸጊያው የተሠራው በዝቅተኛ ሙቀት ለሚቀልጥ ላስቲክ ነው፤ ፖሊስተር ግን ከ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች አይቀልጥም። በመርፌ መስፋትም ሞከርሁ፤ መርፌው የሚከፍተው ቀዳዳ ከወንፊቱ ቀዳዳ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ትርጉም አልነበረውም። በመጨረሻ የሠራልኝ የሞባይል ጠጋኞች ሽቦ የሚበይዱበት የጋለ ብረት ነው። ጨርቁን ሁለት እጥፍ አድርጎ በመስተዋት ላይ ዘርግቶ፣ የብረት ማስመሪያ ተጭኖ፣ የብረቱን ጫፍ በማስመሪያው ጠርዝ ላይ በዝግታ ሲጎትቱት በአንድ ጊዜ ይቆርጣልም ያሽጋልም። በዝግታ የሚለው አስፈላጊ ነው፤ ከፈጠነ ይቆርጣል እንጂ አያሽግም። መስኮት ከፍቶ መሥራት ይገባል፤ ጭሱ ጤናማ አይደለም።

እያንዳንዱ ከረጢት 4 በ6 ሴንቲ ሜትር ነው። ሦስት ጎኑን አሽጌ፣ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ላይ የሚያዘውን ያህል ዘር፣ ማለትም በግምት ከ100 እስከ 150 ዘር፣ ጨምሬ አራተኛውን ጎን ዘጋሁ። ሁለት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ረድተውኝ 60ውን በአራት ከሰዓት በኋላ ጨረስን። በከረጢቱ ጥግ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ገመድ አሰርን፤ በገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ የተቆረጠ፣ ቁጥሩ በምስማር የተጫረበት ቁራጭ። በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር ክረምቱን አይሻገርም።

ታኅሣሥ፦ የመጀመሪያው ቀብር

ስድስት ቦታ መረጥሁ። አንደኛው ከትልቅ ጽድ ሥር ነው፤ የረገፈው ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል ወፍራምና ደረቅ ነው። ሁለተኛው ወድቆ ከሚበሰብስ የወይራ ግንድ አጠገብ፣ ሦስተኛው ሰፋፊ ቅጠሉ ቶሎ በሚበሰብሰው ብሳና ሥር ነው። አራተኛው በቅጥሩ ውስጥ፣ በየጊዜው በሚጠረገው መሬት ዳር ነው። አምስተኛው በደኑ ጠርዝ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር ሲሆን ስድስተኛው ዘሩን ከወሰድሁባቸው ኦርኪዶች በአንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ወይራና ሣር በሚገናኙበት ቦታ ነው።

በየቦታው አምስት አምስት፣ በድምሩ 30 ከረጢት ቀበርሁ። ጥልቀቱ የረገፈው ቅጠል ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ነው፤ ጉድጓድ አልተቆፈረም። በቢላ አፈሩን ሰንጥቄ ከረጢቱን እንደ ደብዳቤ አስገባሁና በእግሬ ረገጥ አደረግሁት። የቀሩትን 30 ከዝናቡ በፊት ለመቅበር በፍሪጅ አስቀመጥሁ። በዚህ ወቅት የቀበርሁት ዘር በተፈጥሮው የሚረግፍበት ጊዜ ስለሆነ ነው፤ በጋው ያደርቀው ወይም ያቆየው እንደሆነ ሁለቱን በማነጻጸር ይታያል።

የካቲት፦ የብርጭቆው ሙከራ

ይህ ክፍል አልተሳካም፤ ባጭሩ እጽፈዋለሁ። ሉዊስ ክኑድሰን የተባለው አሜሪካዊ በ1922 የኦርኪድ ዘርን ያለ ፈንገስ፣ ስኳርና ማዕድን ባለበት ጄል ላይ ማብቀል እንደሚቻል አሳይቷል። ስኳሩ ፈንገሱ የሚሰጠውን ምግብ ይተካል። ይህንኑ በቤት ለመሞከር ከአዲስ አበባ በ800 ብር ጄሉን የሚያረጋውን የአጋር-አጋር ዱቄት አስመጣሁ፤ ከድንች ውሃና ከስኳር ጋር በግፊት ድስት ቀቅዬ በ20 ብርጭቆ ዕቃ አከፋፈልሁ። ዘሩን አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጬ ለ10 ደቂቃ አጠብሁት። ዘሩን የጨመርሁት በፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ እጄን በሁለት ቀዳዳ አስገብቼ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ 17ቱን ሻጋታ ወረሳቸው። ሦስቱ ንጹሕ ሆነው ሁለት ወር ቢቆዩም ዘሩ ከመንጣት በቀር ለውጥ አላሳየም። በረኪናው ገድሎት ይሆናል የሚል ግምት አለኝ፤ ዘሩን ቀድሜ በአንድ ብርጭቆ ላይ በተለያየ ደቂቃ መፈተን ሲገባኝ 20ውን በአንድ ልክ አጠብኋቸው። ሙከራውን አቆምሁት፤ ጥያቄዬ ፈንገሱ ያለበትን ቦታ ማግኘት በመሆኑ ቢሳካም ኖሮ አይመልሰውም ነበር።

መጋቢት፦ የጠፉት

ሁሉንም ቦታ ዞሬ ቆጠርሁ። በአራተኛው ቦታ አንድም ከረጢት የለም። ለጥምቀት ሰሞን ግቢው ሲጸዳ ምልክት ያደረግሁባቸው ምስማሮችና የጣሳ ቁራጮች እንደ ቆሻሻ ተነቅለው ተጠርገዋል። ለጠራጊዎቹ አስቀድሜ አለመናገሬ የእኔ ጥፋት ነው። በአምስተኛው ቦታ ደግሞ ፍልፈል አፈሩን ገልብጦ ሁለት ከረጢቶችን ከነገመዳቸው አውጥቶ በልቷቸዋል፤ የተረፈው የተቆራረጠ ጨርቅ ብቻ ነው። ከ30ው የቀሩት 23 ናቸው።

በዚሁ ቀን ደብሩን ለረዥም ዘመን ካገለገሉት አባት ጋር ተነጋገርሁ። «አባ፣ በቅጥሩ ውስጥ የቀበርሁት ሁሉ ለበዓሉ ሲጠረግ ጠፋብኝ» አልኋቸው።

«ልጄ፣ ቅጥሩ ለበዓል ሳይጠረግ አይታደርም» አሉኝ። «የማይነካ ቦታ ከፈለግህ ያ የወደቀው ወይራ ዘንድ ነው። የደኑ እንጨት ለቤተ ልሔም ካልሆነ አይወጣም፤ ያ ወይራ ግን ሲወድቅ ውስጡ ነቅዞ ስለ ነበር ለማገዶም አልበጀ፤ ትተነው ነው።»

ይህን ጻፍሁት፤ ሁለተኛውን ቦታ ስመርጥ ግንዱ ለምን እንደተተወ አላውቅም ነበር። ጤነኛ እንጨት የወደቀ እንደሆነ ለቤተ ልሔሙ፣ ማለትም የቁርባኑ ኅብስት ለሚጋገርበት ቤት፣ እሳት ይነሣል፤ የነቀዘው ግን የፈንገስ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

ግንቦት፦ ሁለተኛው ቀብር

የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ካራሰ በኋላ ቀሪዎቹን 30 በየቦታው አምስት አምስት አድርጌ ቀበርሁ። ምስማሩን ትቼ በየከረጢቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥሁ፤ ጠራጊዎቹንም በቦታው አስረዳኋቸው። በባሕር ዛፉ ሥር ከፍልፈሉ ጉብታ አሥር እርምጃ ያህል ራቅሁ። አሁን በመሬት ውስጥ ያሉት 53 ናቸው። መብራት ብዙ ጊዜ ስለሚጠፋ በፍሪጅ የቆየው ዘር ደኅና መሆኑን ተጠራጥሬ ነበር፤ ከመቅበሬ በፊት ከከረጢቶቹ ከተረፈው ዘር ጥቂት ወስጄ ሳይ ፅንሶቹ ሙሉና ጥርት ያሉ ናቸው።

ሐምሌ፦ የመጀመሪያው ፍተሻ

ከየቦታው አንድ አንድ፣ በድምሩ ስድስት ከረጢት አወጣሁ። የመጀመሪያውን ከረጢት በቧንቧ ውሃ በኃይል አጥቤ ስከፍተው ዘሩ በጨርቁ ላይ ተጣብቆ፣ ከጭቃው ጋር ተለውሶ ጠበቀኝ፤ ለማየትም ለመቁጠርም አልተቻለም። ሁለተኛው ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ቆይቶ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ከውጭ በኩል ብቻ በለስላሳ ብሩሽ እየጠረግሁ፣ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኋቸውና ጥልቀት በሌለው ነጭ ሳሕን ውስጥ በውሃ እየተንሳፈፉ ከፈትኋቸው። ይህ አሠራር ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ለቀጣዩም ጠብቄዋለሁ።

የበቀለ የለም። በወይራው ግንድ አጠገብ ከነበረው ከረጢት ግን የጥቂት ዘሮች ፅንስ አብጦ ሽፋኑን ወጥሮታል።

ጳጉሜን፦ ልቃቂቱ

ሦስት ሦስት፣ በድምሩ 18 ከረጢት ወጣ። በሁለተኛው ቦታ በወይራው ግንድ አጠገብ ከሦስቱ በሁለቱ፣ በብሳናው ሥር በአንዱ፣ በኦርኪዶቹ አጠገብ በሁለቱ ዘሩ በቅሏል። በቅሏል ስል ቅጠል ወይም ሥር አላየሁም። ፅንሱ ሽፋኑን ቀዶ ወጥቶ ነጭ፣ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እስከ አንድ ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሆኗል፤ በዙሪያው ፀጉር የመሰሉ ክሮች አውጥቷል። የሥነ ዕፅዋት ሰዎች ፕሮቶኮርም የሚሉት ይህን ነው። በአምስቱ ከረጢቶች 23 ቆጠርሁ። በጽዱ፣ በተጠረገው መሬትና በባሕር ዛፉ ሥር ባሉት ዘጠኝ ከረጢቶች አንድም የለም።

ኖኤል በርናር የተባለው ፈረንሳዊ በ1899 በፎንቴንብሎ ደን ያገኘው ይህንኑ ዓይነት ነገር ነበር፤ ከቅጠል አልባው ኔዖቲያ ዘር የበቀሉ፣ ውስጣቸው በፈንገስ የተሞላ ጥቃቅን ችግኞች። የኦርኪድ ዘር ያለ ፈንገስ በተፈጥሮ እንደማይበቅል ያስተዋለው ከዚያ ተነሥቶ ነው። ግኝቱ ከቅጠል አልባ ኦርኪድ መጀመሩ አያስገርምም፤ ያ ተክል ሌሎቹ በልጅነት ብቻ የሚያደርጉትን ዕድሜውን ሁሉ ያደርጋል።

ፈንገሱን በውስጣቸው ለማየት ማቅለምና ማጥራት ያስፈልጋል። ለማጥራት የተለመደው ፖታስየም ሃይድሮክሳይድ ስለማይገኝ ሳሙና ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ኮስቲክ ሶዳ፣ 10 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሟሁ። ጓንትና መነጽር ሳያደርጉ መንካት አይገባም፤ ዓይን ያጠፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፕሮቶኮርሞች ለ15 ደቂቃ አፈላኋቸውና ሟሙተው ጠፉ። በ23 መካከል ሁለት ማጣት ብዙ ነው። ሦስተኛውን ሳላፈላ አሳደርሁት፤ ጠዋት ጥርት ብሎ ቆየኝ።

ለቀለሙ በመጀመሪያ የሞከርሁት ለብራና የሚዘጋጀውን የቁም ጸሐፊዎች ጥቁር ቀለም ነው፤ ጎንደር ለዚህ ስላላነሰች ማግኘቱ ቀላል ነበር። አልሠራም፤ ምክንያቱንም ቆይቼ ተረዳሁት። የብራና ቀለም ጥላሸት ነው፤ ጥላሸቱ ደቃቅ ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም፤ ስለዚህ በብራናው ላይ ለዘመናት ይቀመጣል፤ በሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ግን አይገባም። በሟሚ ቀለም የተሠራ የብዕር ጥቁር ቀለም ከአቼቶ ጋር፣ አምስት እጅ በ95 ሆኖ፣ ሲሞቅ ፈንገሱን ያቀልማል። ይህ ርካሽ ዘዴ ለሌሎች የሥር ፈንገሶች ከ1998 ጀምሮ በጽሑፍ የታወቀ ነው።

በሁለት መስተዋት መካከል ጨፍልቄ በ400 እጥፍ ሳየው በታችኛው ጫፍ ያሉት ሕዋሳት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ የክር ጥቅል ይዘዋል። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ፔሎቶን ይባላል፤ እኔ ግን ሳየው ወዲያው ልቃቂት ነው ያልሁት፤ እናቶቻችን ፈትለው የሚያጠነጥኑት የጥጥ ልቃቂት በትክክል ይህን ይመስላል። አንዳንዱ ጥቅል ክሩ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሌላው ተጣብቆ፣ ተኮማትሮ የደበዘዘ እብጠት ሆኗል። ይህ የተበላው ነው። ፈንገሱ ወደ ሕዋሱ ገብቶ ይጠቀለላል፤ ኦርኪዱ ቆይቶ ይፈጨዋል፤ ከዚያ ሌላ ክር ይገባል። ይህንን በእኛ ደን አፈር ውስጥ በበቀለ ነገር ላይ ለማየት ነበር አሥራ አንድ ወር የደከምሁት፤ ተማሪዎቹን ጠርቼ ተራ በተራ አሳየኋቸው፤ የምሽቱን መብራት እስኪያጠፉብን ድረስ ማንም አልተነሣም።

ጥቅምት፣ ሁለተኛው ዓመት

ከአምስቱ ቦታዎች ሁለት ሁለት፣ ከተጠረገው ቦታ የቀረችውን አንዷን፣ በድምሩ 11 ከረጢት አወጣሁ። በወይራው ግንድ አጠገብ አንዱ፣ በኦርኪዶቹ አጠገብ ሁለቱም በቅለዋል። ትልቁ 2 ሚሊ ሜትር ደርሷል፤ በላይኛው ጫፉ ላይ ሾጠጥ ያለ፣ የመጀመሪያው ቅጠል የሚሆን ነጭ ጉጥ አውጥቷል። በብሳናው ሥር በዚህ ዙር አልተገኘም። በታኅሣሥ የተቀበሩትና በግንቦት የተቀበሩት ሁለቱም በቅለዋል፤ በመካከላቸው ልዩነት ለማለት ቁጥሩ አይበቃም።

ስጀምር የረገፈ ቅጠል በወፈረ ቁጥር ይበቅላል ብዬ ገምቼ ነበር። ጽዱ ይህን አፈረሰው፤ ከሁሉ ወፍራም ብስባሽ ያለው እርሱ ሥር ሆኖ ምንም አልበቀለም። በወይራውና በኦርኪዶቹ አጠገብ የሚመሳሰለው ነገር በእጅ ሲጨበጥ የሚፈረፈር፣ በውስጡ ነጭ የፈንገስ ክር የሚታይበት የበሰበሰ እንጨት በአፈሩ ላይኛ ክፍል መኖሩ ነው፤ እርጥበቱንም ከሌላው ቦታ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይይዛል። በኦርኪዶቹ አጠገብ ይህን አላስተዋልሁም ነበር፤ አፈሩን እንደገና በቢላ ስሰነጥቅ ከመሬት በታች የቀረ አሮጌ የወይራ ሥር አገኘሁ። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀብር መለየት ያለብኝ ቅጠልን ከእንጨት ነው፤ በአንድ ዓይነት ጥላ ሥር፣ በአንዱ በኩል የበሰበሰ የወይራ እንጨት ፍርፋሪ ጨምሬ፣ በሌላው ሳልጨምር።

እስካሁን የወጣው ገንዘብ፣ ወንፊቱ 650፣ አጋር-አጋሩ 800፣ የናይለን ገመዱ 120፣ ኮስቲክ ሶዳው፣ አቼቶውና ቀለሙ 310፣ መጓጓዣው በግምት 900 ብር ነው። የአጋር-አጋሩን መተው ይቻል ነበር።

የበቀሉትን ሦስት ከረጢቶች አንድ ጎናቸውን ብቻ ከፍቼ ፎቶ ካነሣኋቸው በኋላ በጋለው ብረት መልሼ አሸግኋቸው፤ ሙቀቱ እንዳይደርስባቸው እርጥብ ጥጥ ከጠርዙ አጠገብ አድርጌ ነው። በዚያው ቀን ወደየቦታቸው መለስኋቸው። ከመቅበሬ በፊት ለአባ በእጅ አጉሊ መነጽር አሳየኋቸው፤ ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ቅጠሉ የታለ?» አሉኝ።

«ገና ነው አባ። በክረምት ይሆናል።»

ከተመለሱት ሦስቱ ሌላ 18 ያልተከፈቱ ከረጢቶች በመሬት ውስጥ አሉ፤ አራት አራቱ በጽዱ፣ በወይራው፣ በብሳናውና በኦርኪዶቹ አጠገብ፣ ሁለቱ በባሕር ዛፉ ሥር። የሚከፈቱት በሐምሌ ነው። በወይራው ግንድ ዙሪያ በአባ ፈቃድ አሥር ድንጋይ ደርድሬያለሁ፤ ጠራጊዎቹም ግንዱን ለማገዶ እንዳያነሡት ተነግሯቸዋል።